ማንጎ፣ አቮካዶና ኤስፒ3፦ ሃይብሪዳይዜሽን እንዴት እንደገባኝ

ፍሬሽማን ሳለሁ በጄኔራል ኬሚስትሪ ሚድ ላይ ሁለት ጥያቄ ተከታትሎ መጣ። የመጀመሪያው የአሞኒያ ናይትሮጅን ሃይብሪዳይዜሽኑ ምንድን ነው ይላል፤ ማለትም አተሙ ከሌሎች ጋር ቦንድ (ትስስር) ለመሥራት ኦርቢታሎቹን፣ ኤሌክትሮን የሚይዙ ቦታዎቹን፣ እንዴት ቀላቀላቸው ነው ጥያቄው። በልቤ ሳቅኩ። ናይትሮጅኑ ሦስት ሃይድሮጅን ይዟል፤ ሦስት ቦንድ ማለት ነው፤ ስለዚህ ኤስፒ2። አከበብኩ። ሁለተኛው ስለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን ነው። ካርቦን አራት ቦንድ ይሠራል፤ ስለዚህ ኤስፒ3። እሱንም አከበብኩና ከብዙዎቹ ቀድሜ ወጣሁ።

ሁለቱንም ስቻለሁ። (ኤስፒ2፣ ኤስፒ3 ብዬ ስጽፍ እንደ ክፍሉ ኤስፒ ቱ፣ ኤስፒ ስሪ እያላችሁ አንብቡልኝ።)

የሚያናድደው ሳላጠና አልገባሁም። ሰንጠረዡን ሸምድጄዋለሁ። ሚቴን ኤስፒ3፣ ቦሮን ትራይፍሎራይድ ኤስፒ2፣ ቤሪሊየም ክሎራይድ ኤስፒ። ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝም እላቸው ነበር። አሁን ሳስበው ግን ለጀማሪ እንደነዚህ ሦስቱ የሚያሳስት ምሳሌ የለም። ሚቴን ላይ የተያዙት አተሞች አራት ናቸው፣ ቦንዱ አራት ነው፣ የሚፈለገው ኦርቢታልም አራት ነው። ሌሎቹ ሁለትም እንደዚያው እኩል ናቸው። ስለዚህ ምኑን እየቆጠርክ እንደሆነ ሳታውቅ መልሱ ልክ ይመጣልሃል። አሞኒያ ላይ ስትደርስ ነው ጉዱ የሚፈላው።

ፈተናው በተመለሰ ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት፣ ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ወደ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ሐዋሳን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እሁድ እዚያ ሰው እንደ ጉድ ነው። ንፋሱ ከሐይቁ ይመጣል፣ አባ ኮዳዎቹ የአሳ ትርፍራፊ ፍለጋ እንደ ሽማግሌ ይንጎራደዳሉ፣ ፎቶ አንሺው አላሳልፍ ይላል። እኔ ፊቴን አጨፍግጌ ነበር። ጁስ ቤት ገባንና እሱ ስፕሪስ አዘዘ። ብርጭቆው መጣ፤ ከታች አቮካዶ፣ ከላይ ማንጎ፣ እንደተለመደው ተደርድሮ።

«ሃይብሪዳይዜሽን ይሄ ነው ብለህ ታስባለህ አይደል?» አለኝ።

«አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ይሄ ተደረደረ እንጂ አልተቀላቀለም።»

ከዚያ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየሳለ የነገረኝን እስከ ዛሬ እንደዚያው አድርጌ ነው ለሌላ ሰው የምነግረው። አንድ ብርጭቆ አቮካዶ አለህ በል። እሱ ኤስ ኦርቢታል ነው። ሦስት ብርጭቆ ማንጎ አለህ። እነሱ ሦስቱ ፒ ኦርቢታሎች ናቸው። አራቱንም ጆግ ውስጥ ገልብጠህ በደንብ አማስላቸው። ከዚያ መልሰህ ቅዳ። ስንት ብርጭቆ ይወጣል? አራት። አራት አስገብተህ አምስት አይወጣም፣ ሦስትም አይወጣም። እያንዳንዱ ብርጭቆ ምን ውስጡ አለ? ሩቡ አቮካዶ፣ ሦስት ሩቡ ማንጎ። አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ የትኛው በፊት አቮካዶ እንደነበር መለየት አትችልም። ኤስፒ3 ማለት ይሄው ነው። ቁጥሩ 3 የሚለው ስንት ማንጎ ገባ የሚለውን እንጂ ስንት ብርጭቆ ወጣ የሚለውን አይደለም።

እኔ ያ 3 ምን እንደሚቆጥር ጠይቄም አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት!

አሁን ቀጥል። አቮካዶውንና ሁለት ማንጎ ብቻ ቀላቅል፣ አንዷን ማንጎ ሳትነካ ተዋት። ሦስት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ይወጣል፤ ይሄ ኤስፒ2 ነው። ያልተነካችው ማንጎ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ናት። አቮካዶና አንድ ማንጎ ብቻ ከቀላቀልክ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ ይወጣል፤ ግማሽ በግማሽ። ኤስፒ ነው። ሁለት ማንጎ ሳይነካ ቀረ።

ያልተነኩት ማንጎዎች ዝም ብለው ትርፍ አይደሉም። ፓይ ቦንድ የሚሠራው በእነሱ ነው። ደብል ቦንድ ሲኖር አንዱ ሲግማ ነው፣ ሌላው ፓይ። ሲግማው በተቀላቀለው ብርጭቆ ይሠራል። ፓዩ ካልተቀላቀለው ፒ ጎን ለጎን በመደራረብ ይመጣል። ለዚህ ነው ደብል ቦንድ ስንቆጥር እንደ አንድ የምንቆጥረው። እኔ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ላይ አራት ያልኩት ፓዮቹንም ደምሬ ነው።

እንግዲህ የምንቆጥረው ምንድን ነው? ማዕከላዊው አተም የሚያስፈልገውን የብርጭቆ ብዛት። ብርጭቆ የሚያስፈልገው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለያዘው ለእያንዳንዱ አተም አንድ አንድ፤ ቦንዱ ነጠላ ይሁን ድርብ ይሁን ሦስት፣ አተሙ አንድ ከሆነ ብርጭቆው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ለቦንድ ሳይውል እዚያው ማዕከላዊው አተም ላይ ለቀረ የኤሌክትሮን ጥንድ፣ ማለትም ለሎን ፔር፣ ለእያንዳንዱ አንድ። ሁለቱን ደምሩ። ሁለት ከሆነ ኤስፒ፣ ሦስት ከሆነ ኤስፒ2፣ አራት ከሆነ ኤስፒ3።

ይሄን ካወቃችሁ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለው ሎን ፔሩን ማግኘት ላይ ነው። ሰው የሚወድቀውም እዚያው ነው፤ ሎን ፔር በፎርሙላው ላይ አይጻፍማ። ናይትሮጅን አንድ፣ ሃይድሮጅን ሦስት ብሎ ዝም ይላል። ስለዚህ ሉዊስ ስትራክቸር፣ ማለትም ቦንዱንና ሎን ፔሩን የሚያሳየውን ስዕል፣ ሳትስሉ እንዳትነኩት። ጊዜ ይፈጃል የሚል ልጅ ያጋጥመኛል። ለቀላል ሞለኪውል ሃያ ሰከንድ ነው።

አሞኒያን እንየው። ናይትሮጅን አምስት ቫለንስ ኤሌክትሮን (ለቦንድ የሚሆን የውጨኛው ኤሌክትሮን) አለው። ለሦስት ሃይድሮጅን ሦስቱን አዋለ። ሁለት ቀረው፤ አንድ ሎን ፔር። ሦስት አተም ሲደመር አንድ ሎን ፔር፣ አራት። ኤስፒ3 ነው። ውሃ ላይ ኦክስጅን ስድስት አለው፣ ሁለት አዋለ፣ አራት ቀረው፤ ሁለት ሎን ፔር። ሁለት ሲደመር ሁለት፣ አሁንም አራት። ሚቴን፣ አሞኒያና ውሃ ሦስቱም ኤስፒ3 መሆናቸውን ሳውቅ የሆነ ነገር ተታለልኩ ብዬ ነበር። ቅርጻቸው ይለያያላ።

ቅርጹ የሚለያየው ሎን ፔር ስለማይታይ ነው። ቦታ ግን ይይዛል፤ እንዲያውም ከሌሎቹ የበለጠ። ባጃጅ ኋላ ሦስት ሆናችሁ ስትቀመጡ አንዱ እግሩን ከፍቶ ሲቀመጥ ሌሎቹ እንደሚጣበቡት ማለት ነው። ሚቴን ላይ ሁሉም እኩል ናቸውና በቦንዶቹ መካከል ያለው አንግል 109.5 ዲግሪ ነው። አሞኒያ ላይ አንድ እግሩን የከፈተ ስላለ ወደ 107 ይወርዳል። ውሃ ላይ ሁለት ናቸው፤ 104.5። ይህን የመገፋፋት ሐሳብ መልክ ያስያዙት ኬሚስቶቹ ሮናልድ ጊለስፒና ሮናልድ ናይሆልም ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1957። ኦርቢታል የመቀላቀሉ ሐሳብ ግን ከዚያ ይቀድማል፤ ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ነው። ቅደም ተከተሉ ደስ ይላል። ሚቴን አራት እኩል ቦንድ እንዳለው ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ የካርቦን ኤስና ፒ ግን እኩል አይደሉም። ፖሊንግ ያንን ለማስታረቅ ነው የቀላቀላቸው። ማለትም ሃይብሪዳይዜሽን ለቅርጹ የተሰጠ ማብራሪያ ነው። ስለዚህ እኛም መጀመሪያ ቅርጹን ፈልገን ስሙን በኋላ መስጠታችን ማጭበርበር አይደለም።

ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስንመለስ፣ ካርቦኑ አራት ኤሌክትሮን አለው፤ ከሁለት ኦክስጅን ጋር በደብል ቦንድ አራቱንም ጨረሰ። ሎን ፔር የለም። ሁለት አተም ብቻ። ኤስፒ፣ ቀጥ ያለ፣ 180 ዲግሪ። ሁለቱ ያልተነኩ ማንጎዎች ወደ ሁለቱ ኦክስጅኖች ለፓይ ቦንድ ሄዱ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ደግሞ ስሙ መንትያ ነው፣ ሥራው ግን ሌላ። ሰልፈር ስድስት ኤሌክትሮን ስላለው ሁለት ኦክስጅን ይዞም አንድ ሎን ፔር ይተርፈዋል። ሦስት ሆነ፤ ኤስፒ2። አንግሉ ወደ 119 ነው፣ የታጠፈ ነው። እነዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን መሥራት ብቻውን የአንድ ቀን ጥናት ያህል ይጠቅማል።

አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሮን ጨምሮ ወይም አጥቶ ቻርጅ ያለው ነገር፣ ሲመጣ ቻርጁን አትርሱ። ካርቦኔት ላይ ካርቦን 4፣ ሦስቱ ኦክስጅን 18፣ ቻርጁ 2፣ ድምሩ 24 ኤሌክትሮን። ስላችሁት ስታበቁ ካርቦኑ ላይ የሚተርፍ የለም። ሦስት ኦክስጅን፣ ኤስፒ2። አሞኒየም ላይ ናይትሮጅኑ ሎን ፔሩን ለአራተኛው ሃይድሮጅን ሰጠ፤ አራት አተም፣ ዜሮ ሎን ፔር፣ ኤስፒ3። ከአሞኒያ ወደ አሞኒየም ሲሄድ ሃይብሪዳይዜሽኑ አለመቀየሩን ልብ በሉ። ፈተና የሚያወጡ ሰዎች ይችን ይወዷታል።

ከተመረቅኩ በኋላ ሐዋሳ ቀርቼ የአከራዬን ልጅ አስጠናለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ለቀልድ «ቲቸር» ነው የምትለኝ። አንድ ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች፣ ፊቷ በርቷል።

«ቲቸር፣ ያንተን ስዕል ትቻለሁ። ቴሌግራም ላይ ፎርሙላ አገኘሁ።»

ፎርሙላውን አውቀዋለሁ። የማዕከላዊውን አተም ቫለንስ ኤሌክትሮን ውሰድ። እንደ ሃይድሮጅንና እንደ ክሎሪን አንድ ቦንድ ብቻ የሚሠሩትን የተያያዙ አተሞች ቁጥር ጨምር። ኦክስጅን ከሆነ ዜሮ ነው፣ አይደመርም። ፖዘቲቭ ቻርጅ ካለ ቀንስ፣ ኔጌቲቭ ካለ ጨምር። ለሁለት አካፍል። የሚወጣው የብርጭቆው ብዛት ነው። አሞኒያ፦ 5 ሲደመር 3 ለሁለት፣ 4። ካርቦኔት፦ 4 ሲደመር 2 ለሁለት፣ 3። ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ 4 ለሁለት፣ 2። እውነት ነው፣ ፈጣን ነው። ሰዓት ለጠበበበት የመግቢያ ፈተና እኔም ያኔ ባውቀው እጠቀምበት ነበር።

አልከለከልኳትም። «እስቲ ሃይድሮጅን ሳያናይድን ሥሪልኝ» አልኳት። ማዕከሉ ካርቦን ነው፣ አንድ ሃይድሮጅን አለው፣ በሌላው ወገን ናይትሮጅን። ጻፈች። 4 ሲደመር 1 ለሁለት። 2.5።

ዝም አለች። ከዚያ «ሁለት ብርጭቆ ተኩል?» አለች።

ፎርሙላው ለምን እንደከሸፈ ማወቅ ፎርሙላውን ከማወቅ ይበልጣል። ፎርሙላው የተሠራው በማዕከላዊው አተም ዙሪያ ያለው ሁሉ ወይ አንድ ወይ ሁለት ቦንድ እንደሚሠራ ገምቶ ነው። ሁለት ቦንድ የሚሠራው ከማዕከሉ ሁለት ኤሌክትሮን ይይዛል፤ ለሁለት ሲካፈል አንድ ብርጭቆ ይሆናል፣ ሒሳቡ ይገጥማል። ሃይድሮጅን ሳያናይድ ላይ ያለው ናይትሮጅን ግን በሦስት ቦንድ ነው የተያያዘው። ሦስት ለሁለት አንድ ተኩል ነው። ትርፉ ግማሽ የመጣው ከዚያ ነው። በስዕሉ ግን ምንም ችግር የለም። አንድ ሃይድሮጅን፣ አንድ ናይትሮጅን፣ ሎን ፔር የለም። ሁለት። ኤስፒ።

ብየዳ ቤት የሚነደው አሲታይሊንም እንዲሁ ነው። ሁለት ካርቦን በሦስት ቦንድ ተያይዘዋል፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሃይድሮጅን አላቸው። በፎርሙላው 2.5፣ በስዕሉ 2። ትሪፕል ቦንድ ባያችሁበት ቦታ ፎርሙላውን ተዉት።

አሲታይሊንን ካነሳን፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው ማዕከላዊ አተም አንድ ብቻ ሳይሆን ሲቀር ነው። ያን ጊዜ ለሞለኪውሉ ሃይብሪዳይዜሽን የሚባል ነገር የለም፤ ለእያንዳንዱ አተም ለየብቻ ነው። አቼቶ ውስጥ ያለውን አሴቲክ አሲድ ውሰዱ። አንደኛው ካርቦን ሦስት ሃይድሮጅንና አንድ ካርቦን ይዟል፤ አራት፣ ኤስፒ3። ጎረቤቱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅንና አንድ ካርቦን ይዟል፤ ሦስት፣ ኤስፒ2። እዚያው አንድ ጠርሙስ አቼቶ ውስጥ ሁለቱም አሉ። ማንጎና ሙዝ የሚያበስለው ኢታይሊን ደግሞ ሁለቱም ካርቦኖቹ ኤስፒ2 ናቸው፤ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ካርቦን በመያዛቸው።

አምስትና ስድስት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ፎስፈረስ ፔንታክሎራይድ አምስት፣ ኤስፒ3ዲ ይባላል፤ ዲ ከኤስና ከፒ ሌላ የሆነ የኦርቢታል ዓይነት ነው። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ስድስት፣ ኤስፒ3ዲ2። አቆጣጠሩ ያው ነው። ዜኖን ቴትራፍሎራይድ ላይ ዜኖን ከስምንቱ አራቱን አውሎ ሁለት ሎን ፔር ይቀሩታል፤ ስድስት። በነገራችን ላይ ዛሬ በእነዚህ ሞለኪውሎች ላይ ዲ ኦርቢታል ብዙም እንደማይሳተፍ በስሌት ታይቷል። ለፈተናው ግን ስሙን እንደተማራችሁት ጻፉ፤ ከመምህር ጋር እሰጥ አገባ መግጠም ማርክ አያመጣም።

አንድ ወጥመድ ግን እዚህ አለ። ዜኖን ዳይፍሎራይድ ቀጥ ያለ ነው፣ 180 ዲግሪ። ልጅቷ አይታ ወዲያው «ኤስፒ» አለች። ቁጠሪ አልኳት። ከስምንት ሁለት አዋለ፣ ስድስት ቀረ፣ ሦስት ሎን ፔር። ሁለት አተም ሲደመር ሦስት፣ አምስት። ኤስፒ3ዲ። ሎን ፔሮቹ ወገቡን ከበውት ፍሎሪኖቹ ላይና ታች ስለቀሩ ነው ቀጥ ያለው። ከቅርጹ ስም ወደ ሃይብሪዳይዜሽን መዝለል አይቻልም። «የታጠፈ» የሚባሉት ውሃና ሰልፈር ዳይኦክሳይድም አንዱ ኤስፒ3፣ ሌላው ኤስፒ2 መሆኑን አይተናል።

ለማወቅ ለሚጓጓ ሰው ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ አለ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ነገር ነው። ቆጠራው እንደ ውሃ አራት ይላል፣ ኤስፒ3። ስንለካው ግን አንግሉ 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለ90 የቀረበ። ዘጠና ማለት ሳይቀላቀሉ የቀሩ ፒ ኦርቢታሎች በመካከላቸው ያላቸው አንግል ነው። ሰልፈሩ ኦክስጅን የሚቀላቅለውን ያህል አይቀላቅልም ማለት ነው። የመግቢያ ፈተና ላይ ኤስፒ3 ብላችሁ እለፉ። ለእኔ ግን ይሄ ነገር አቮካዶና ማንጎው ምሳሌ ብቻ መሆኑን ያስታውሰኛል።

እዚያ ማታ ላይ ጨርሰናል ብዬ ደብተሩን ልዘጋ ስል ልጅቷ ያዘችኝ። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን በፎርሙላው ሠርታዋለች። ናይትሮጅን 5፣ ኦክስጅን ዜሮ፣ ለሁለት 2.5። «ይሄም እንደ ሳያናይዱ ወደ ሁለት ይወርዳላ፤ ኤስፒ ነው» አለች። ቁርጥ አድርጋ።

ስዕሉን አሳልኳት። ድምሩ 17 ኤሌክትሮን ነው፣ ጎዶሎ ቁጥር። ሁለት ኦክስጅን ተያይዞ ናይትሮጅኑ ላይ አንድ ኤሌክትሮን ብቻውን ይቀራል። ጥንድ አይደለም፣ ግን ባዶም አይደለም፤ ብርጭቆ ይይዛል። ሁለት ሲደመር አንድ፣ ሦስት። ኤስፒ2። ያው 2.5 ሳያናይዱ ላይ ወደ 2 ወረደ፣ እዚህ ወደ 3 ወጣ።

«ታዲያ እግሩን አልከፈተማ» አለች። «አንድ ብቻውን ነዋ።»

አንግሉን አየን። 134 ዲግሪ ነው፣ ከ120 በላይ። ኤሌክትሮኑ አንድ ብቻ ስለሆነ የሚገፋው ትንሽ ነው፤ ኦክስጅኖቹ እንደልባቸው ተራራቁ። አንድ ኤሌክትሮን ጨምረንበት ናይትራይት አዮን ስናደርገው ሎን ፔሩ ሞላ፤ አንግሉ ወደ 115 ወረደ። እሷ ራሷ ነች ከመጽሐፏ ፈልጋ ያገኘችው። ከዚያ ከውስጥ እናቷ ለራት ጠሯት።